የዓይን ጠብታ እንደ ወንፊት አይዋዋሱትም

በዚህ አምድ ስለ ሰው ቤት ችግር ስንጽፍ ብዕራችን ይፈጥናል፤ ስለ ራሳችን ቤት ሲሆን ግን ይከብዳል። ዛሬ የማጫውታችሁ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ ስለፈጸምኩት ስሕተት ነው። ገመናዬን አደባባይ ያወጣሁበት ምክንያት አንድ ነው። ይኸው ስሕተት በብዙዎቻችሁ የቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ፣ ተከፍቶ ግማሹ የቀረ ትንሽ ጠርሙስ ሆኖ እንደተቀመጠ ስለማምን ነው።

ነገሩ የደረሰው በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ ሰኞ፣ ጊዜው ማለዳ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጄ ቀኝ ዓይኗ ቀልቶ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ከመኝታዋ ተነሣች። እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ መገኘት አለብኝ። አባቷ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ዓይኗ የቀላ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ደግሞ ሌሎቹን ልጆች ማስያዝ ይሆናል። ሠራተኛ እናት የሆናችሁ ሁሉ ያን ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ሻይ ይገነፍላል፣ ፈቃድ ለመጠየቅ የአለቃ ፊት ይታሰባል።

አብራን የምትኖረው እናቴ የልጅቱን ፊት ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችና፣ «ምች ነው ልጄ፤ ባለፈው ሰሞን ከንፈሯ ላይ ወጥቶባት አልነበረም?» አለችኝ። እኔ ተምሬያለሁ ባይ ነኝና ምች የሚለውን ቃል ስሰማ ዳማከሴ ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ መዞር ብቻ ታወሰኝ። ንግግሯን ከቁም ነገር ሳልቆጥር አለፍኩት። ጎረቤታችን ደግሞ በአጥሩ በኩል ሰምታ፣ «የኔም ልጅ አምና እንዲሁ ሆኖ ጠብታ ባደርግለት በሁለት ቀን ለቀቀው» አለችኝ። ይህኛው ምክር ዘመናዊ መሰለኝ።

መሳቢያውን ሳብኩ። እናቴ ከጥቂት ወራት በፊት የዓይን ሞራዋ ሲገፈፍላት ታዝዞላት የነበረው ጠብታ ግማሹ ቀርቷል። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። አንደኛው ስም የማውቀው የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ከሥሩ ሁለተኛ ስም ነበር፤ እርሱን ግን ሳላስተውለው አለፍኩ። «ፀረ ባክቴሪያ ካለበት ምን ጉዳት አለው?» ብዬ ጨመርኩላት። ለእናቴም በቀን ሦስት ጊዜ እንድትጨምርላት አስረድቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በማግሥቱ ቅላቱ ቀነሰ፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ነጣ። ቢሮ ውስጥ ለባልደረቦቼ ሳይቀር፣ ሐኪም ቤት ተሰልፌ ቀኔን ሳላቃጥል ልጄን አዳንኩ ብዬ አወራሁ። በስድስተኛው ቀን ግን ልጄ የመስኮቱን ብርሃን ሸሽታ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ቀጥላም ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና አየችኝና፣ «እማ፣ በዚህኛው ዓይኔ ሳይሽ ጢስ ቤት ውስጥ ያለሽ ትመስያለሽ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ከሥራ የቀረ ሰው ምን ይባላል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደጠፋ አላውቅም። ከእናቴ ጋር ሆነን ልጅቱን አቅፈን ወደ ሆስፒታል ሮጥን።

የዓይን ሐኪሟ መመርመሪያዋን ከማንሣቷ በፊት፣ «ምን አድርገውላታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አንብባ ዝም አለች። ከዚያም ብርቱካንማ ቀለም የተነከረች ቀጭን ወረቀት በልጄ ዓይን ጠርዝ አስነክታ፣ ክፍሉን አጨልማ ሰማያዊ ብርሃን አበራችባት። በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ በሚገኘው ሽፋን ላይ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ አረንጓዴ ቁስል ቦግ ብሎ ታየ።

«ይህ የባክቴሪያ በሽታ አይደለም» አለችኝ ሐኪሟ። «ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች የምንለው እርሱው ነው። እርስዎ የጨመሩላት ጠብታ ደግሞ በውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ቫይረስን አያውቀውም። ሁለተኛው ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ቅላትንና እብጠትን ያበርዳል፤ የሚያበርደው ግን የገላን ዘበኛ እጁን አስሮ ነው። ዘበኛው ሲታሰር ቫይረሱ እንደ ልቡ ሆነ።»

እናቴ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ውድ አንባቢያን፤ እኛ በነገር ስንምል «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» የምንል ሕዝብ ነን። ከዓይን የሚበልጥ መያዣ የለንም ማለታችን ነው። ይህን ያህል የምንሳሳለትን ዓይን ግን ስሙን እስከ መጨረሻው ላላነበብነው ጠብታ አሳልፈን እንሰጣለን።

ከሆስፒታል እንደተመለስን መሳቢያውን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። ከእናቴ ጠብታ ሌላ፣ በተለያየ ጊዜ ለተለያየ ሰው ታዝዘው የቀሩ አራት የዓይን መድኃኒቶች ወጡ። በከረጢት ያዝኳቸውና ልጄን ለክትትል በወሰድኩ ቁጥር ሐኪሟንና የመድኃኒት ባለሙያውን አንድ በአንድ እጠይቅ ጀመር። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» የሚል ነበር። የመድኃኒት ባለሙያው ፈገግ ብሎ፣ «ለምኑ?» አለኝ። ለካ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነው። የተማርኩትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

አንደኛው ብዙዎቻችሁ ቲቲሲ እያላችሁ የምትጠሩት የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው፤ መጠኑ 1 በመቶ ነው። በጤና ተቋም የወለደች እናት ታውቀዋለች፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ዓይኑ ላይ የሚደረገው ይኸው ቅባት ነው። ዋጋው ርካሽ ነው። ቅባት በመሆኑም እንባ ቶሎ አያጥበውም፤ ስለሆነም ጠብታ ሲገባለት አልቅሶ ለሚያወጣ ሕፃን ይመቻል። ይሁን እንጂ ለጥቂት ጊዜ እይታን ያደበዝዛል። መኪና የሚነዳ ወይም በማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ቀን ቀን ቢጠቀምበት ይቸገራል። ለትራኮማ ሲታዘዝ በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ያህል መቀባት አለበት። የዓይናሩ ፈሳሽ በአምስተኛው ቀን ሲደርቅ ስንቶቻችን ነን እስከ ስድስተኛው ሳምንት የምንዘልቅ?

ሁለተኛው ክሎራምፌኒኮል ነው። በጠብታ 0.5 በመቶ፣ በቅባት 1 በመቶ ሆኖ ይዘጋጃል። የተለመዱትን የዓይን ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን ያጠቃል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የመድኃኒት ባለሙያ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጠው ተፈቅዷል። በአሜሪካ ግን ሐኪሞች እምብዛም አያዝዙትም። ምክንያቱም ይህ መድኃኒት በአፍ ወይም በመርፌ ሲወሰድ አልፎ አልፎ የአጥንት መቅኔን ጎድቶ የደም መመረትን ስለሚያቆም ነው። በጠብታ መልክ ሲሰጥ እንዲህ ያለው አደጋ እጅግ ብርቅ ቢሆንም እነርሱ ይፈሩታል። ስለዚህ በቤተሰባችሁ የደም መመረት ችግር ያለበት ሰው ካለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሌላው ነገር ጠብታው ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ያለበት መሆኑ ነው። የእኔ ጠርሙስ በመሳቢያ ውስጥ ሁለት በጋ አሳልፎ ነበር!

ሦስተኛው ጄንታማይሲን ሲሆን መጠኑ 0.3 በመቶ ነው። ቶብራማይሲን የሚባለው ጠብታም የእርሱ ዘመድ ነው። ክሎራምፌኒኮል የማይደፍራቸውን አንዳንድ ባክቴሪያዎች ያጠቃል። በአንጻሩ ብዙ ጊዜ የልጆችን ዓይን ከሚያሳምሙት አንዱ በሆነው ስትሬፕቶኮከስ ላይ ደካማ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጨመር ደግሞ ራሱ የዓይኑን ገጽ ያቆስላል። እናት «አልተሻለውም» እያለች በላይ በላዩ ስትጨምር፣ ቅላቱ የበሽታው መሆኑ ቀርቶ የመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፤ ይህም 0.3 በመቶ ነው። ኦፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን ከዚሁ ወገን ናቸው። ጉልበታቸው የበረታ በመሆኑ የዓይንን መስተዋት በአጭር ጊዜ በስቶ የሚያጠፋውን ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ጭምር ይዋጋሉ። ጥቁሩ የዓይን ክፍል በባክቴሪያ ሲቆስል፣ እንዲሁም በዓይናቸው ውስጥ ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ሲታመሙ ሐኪም ወደ እነዚህ ያዘነብላል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሌሊቱን ሳይቀር በየሰዓቱ እንዲጨመር ሊታዘዝ ይችላል። «እንግዲያው ብርቱውን ለሁሉም ብንጠቀምበትስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የመድኃኒት ባለሙያው የመለሰልኝ፣ «ለትንኙም ለጅቡም አንድ ጥይት ከተኮስሽ፣ ጅቡ በመጣ ቀን ጥይት የለሽም» በማለት ነው። ባክቴሪያ በከንቱ የተደጋገመበትን መድኃኒት ይለምደዋልና።

አምስተኛው የእናቴ ጠብታ ነው። እርሱም በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የዓይኗን ብግነት ያበረደላት፣ ብርሃኗን ያቆየላት እርሱ ነው። ሐኪም እየተቆጣጠረው፣ በተወሰነ ቀን፣ ለታወቀ ምክንያት ተሰጣት። ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ የተጨመረ እንደሆነ ግን ስቴሮይድ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማን ሊያመጣ፣ የዓይን ሞራንም ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም በጠርሙስ ላይ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ቤታሜታዞን የሚል ስም ስታነቡ እጃችሁን ሰብስቡ።

እንግዲህ የዓይን ቅላት መልኩ አንድ ቢሆንም አባቱ ብዙ ነው። በባክቴሪያ የመጣው ብዙ ጊዜ ወፍራም፣ ቢጫማ ዓይናር ያወጣል፤ ጠዋት የዓይን ቆቦችን ያጣብቃል። በቫይረስ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ውሃ የቀጠነ እንባ ያወርዳል። በአለርጂ የመጣው ያሳክካል። ይሁንና እነዚህ ምልክቶች ስለሚደበላለቁ ለሐኪም እንኳ ሁልጊዜ ቀላል አይደሉም። ደግሞም ቀላሉ የባክቴሪያ የዓይን ሕመም በአብዛኛው ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ በራሱ የሚድን ነው፤ መድኃኒቱ የሚያደርገው ቀኑን ማሳጠርና መተላለፉን መቀነስ ነው። ታዲያ የጎረቤቴን ልጅ ማን እንዳዳነው ማን ያውቃል? ምናልባት ጠብታው፣ ምናልባትም ሁለቱ ቀን።

ከዚህ የተለዩ ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ ለእናቶች በተለይ ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛው የአራስ ልጅ ዓይን ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሕፃኑ ዓይን አብጦ መግል ካወጣ ቀን አይሰጥም። ከእናት በወሊድ ጊዜ የሚተላለፍ የጨብጥ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ባክቴሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓይንን መስተዋት ይበሳል። ጠብታም ቅባትም ብቻውን አይበቃውም፤ መርፌ ያስፈልጋል፤ እናትና አባትም አብረው ይታከማሉ። የጡት ወተት ዓይኑ ላይ በማለብ የምታልፍ ሰዓት ለዚህ ሕፃን የዕድሜ ልክ ጨለማ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ውስጥ ከ100ው 40 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ይህ በሽታ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ውስጡን ያጠብሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን ይቧጭራል። በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ ያደጉ ዓይኖቻችን ያዩአቸውን አያቶቻችንን አስታውሱ። ለዚህ በሽታ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በአፍ ይሰጣል፤ ለልጆች በክብደታቸው ልክ፣ በኪሎ 20 ሚሊግራም ታስቦ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ግን ቴትራሳይክሊን ቅባት ይታዘዛል። ስድስት ሳምንት የሚቀባውን በአንድ ቀን የሚዋጥ መተካቱ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እረፍት ነው። ይሁን እንጂ ፊት ካልታጠበ፣ መፀዳጃ ቤት ከሌለ፣ ዝንብ ካልተከላከሉት በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

እኛ እናቶች ሐኪም እንሁን አልልም። ነገር ግን ማዘዣ ወረቀቱን ተቀብለን ዝም ብለን ከመውጣታችን በፊት የምንጠይቀው አለን። «ሕመሙ ባክቴሪያ ነው ወይስ ሌላ? በውስጡ ስቴሮይድ አለበት? በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን? በስንተኛው ቀን ካልተሻለው ልመለስ?» እነዚህን ለመጠየቅ አንፈር። ለሠራተኛ እናት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ቀን ቀን ቤት አልውልም፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደረግ አለ ወይ?» የሚል ነው። በየአራት ሰዓቱ የሚጨመር ጠብታ ታዝዞ ሞግዚቷ ረስታ የምታስቀረው ከሆነ፣ ጠዋትና ማታ በእጃችን የምንቀባው ቅባት ይሻል ይሆናል። ይህን ግን ሐኪሙ ካላወቀልን አይወስንልንም።

አጨማመሩም ዕውቀት ይጠይቃል። አስቀድሞ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ዓይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንጹሕ ጥጥ መጥረግ፤ ለሁለቱ ዓይን አንድ ጥጥ አለመጠቀም። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አንዲት ጠብታ መጨመር ይበቃል፤ ዓይን ከዚያ በላይ አይይዝም። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትንም ሆነ ጣትን መንካት የለበትም። ሁለት ዓይነት ከታዘዘ በመካከሉ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ጠብታውን አስቀድሞ ቅባቱን ማስከተል ተገቢ ነው። ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት፤ አብዛኛው የዓይን ጠብታ ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በኋላ መጣል ይኖርበታል። የታመመው ልጅ ፎጣም ለብቻው ይሁን።

ብርቱ ሕመም፣ ብርሃንን መሸሽ፣ የእይታ መደብዘዝ፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ፣ በዓይን ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ እሾህ ወይም እንጨት የነካው ዓይን፣ ወይም በሦስት ቀን ያልተሻለው ቅላት ሲያጋጥም፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ መሳቢያ አይኬድም።

ልጄ አሲክሎቪር የተባለ የፀረ ቫይረስ የዓይን ቅባት በቀን አምስት ጊዜ እየተደረገላት ቁስሉ ዳነ። ለዚያ ስል የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፤ በመጀመሪያው ሰኞ የሳሳሁላት አንዲት ቀን ብዙ ቀን አስከፈለችኝ። አሁን ትምህርቷን በሚገባ ትከታተላለች። በቀኝ ዓይኗ ብቻ ስታነብ ግን የመመርመሪያው ሰሌዳ የታችኞቹ ሁለት መስመሮች ይጠፉባታል። ቫይረሱም ከገላ ጨርሶ ስለማይወጣ አንድ ቀን ሊመለስ እንደሚችል ተነግሮኛል። ጠባሳው ትንሽ ነው፤ እንግዳ ሰው አያስተውለውም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት ፊቷ ወደ መስኮቱ ሲዞር አየዋለሁ።

እናቴ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። መሳቢያው አሁን መርፌና ክር ብቻ ይዟል። ጎረቤታችንም ከዚያ ወዲህ በአጥሩ በኩል ጠብታ ጠይቃኝ ታውቃለች፤ ወንፊቱንና ሙቀጫውን ሰጠኋት፤ ልጇን ግን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እኔው አብሬያት ተነሣሁ። እናንተም ወንፊት ተዋዋሱ፣ ምጣድ ተዋዋሱ፣ ምክርም ተለዋወጡ። የዓይን ጠብታ ግን ለታዘዘለት ዓይን ብቻ ነው።